የ«ቀስ በቀስ» እገዳ

ማክሰኞ፣ መስከረም 20 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ ምሳ ሰዓት

መብራት ተመለሰ። የመ/ቤቱ ጄኔሬተር ዝም አለ። ባልደረቦቼ ምሳ ወጥተዋል፤ ጉርድ ሾላ ከመስኮቱ በታች ይንጫጫል። እኔ ወንበሬ ላይ ነኝ። በግራ እጄ ዳቦ በእንቁላል፣ በቀኜ ማውዝ።

የፊደሉ ርዕስ ዛሬም ከሁሉ በላይ ተቀምጧል። ከትናንት ወዲህ ብዙ ተጽፏል። ሁሉንም ማንበብ አለብኝ፤ የኢንተርኔት መድረኩ አወያይ ነኝና። ባለቤቱ ውጭ አገር ነው ያለው። በኢሜይል «ተባረክ» ይለኛል፤ አሜን እላለሁ፤ አነባለሁ።

ስለዚህ ርዕስ በደንብ አላጫወትኩሽም መሰለኝ፣ ደብተሬ። ባለፈው ዓመት አንድ ሰው መጥቶ ጠየቀ፦ ሀ፣ ሐ፣ ኀ ድምፃቸው አንድ ከሆነ ሦስቱንም ለምን እንማራለን? አንዲት መስመር። ሰውየው ከዚያ ወዲያ ዝር አላለም። መልሱ ግን ይኸው ከመቶ ገጽ አልፎ፣ ክረምቱን ከርሞ፣ መስቀልን ተሻግሮ ይሄዳል።

ዋናዎቹ ተከራካሪዎች ሁለት ናቸው። በብዕር ስማቸው ብቻ ነው የማውቃቸው። አንዱ «ቀስ በቀስ»፦ ድምፃቸው አንድ ከሆነ አንዱ ፊደል ይበቃል ባይ። ሌላው «የፊደል ዘብ»፦ አንዷም አትነካም ባይ። የቀረው ሰው ገባ ወጣ ነው። አንዱ ያለፈውን ሳያነብ ይገባና ስንት ጊዜ የተመለሰውን ይጠይቃል። ሌላው የሰው ሙሉ ጽሑፍ ገልብጦ ከሥሩ «እስማማለሁ» ይላል። ትናንት አንዱ በመሃል መኪና ሊሸጥ ሞከረ። ሰረዝኩት። ፖለቲካ የሚሸትም ሁሉ ይሰረዛል፤ አንድ ቀን ጠዋት ገጹ አልከፈት ቢል አቤት የሚባልበት የለም።

ይሰለቻል። በእውነት ይሰለቻል። ያቺው «ሠረቀ» እና «ሰረቀ»፣ ፀሐይ ወጣች፣ ሌባ ወሰደ፤ ስንት ጊዜ አነበብኳት። ግን ምሳ ሰዓት ሲደርስ ልቤ ወደዚያው ነው። ማን ምን መለሰ? ማን ተናደደ? ጎረቤት ሲጣላ ግድግዳው ላይ ጆሮ እንደመለጠፍ ያለ ነገር ነው። ደግሞ አንዳንዴ፣ ከሃያ ደረቅ ገጽ በኋላ፣ ከሁለቱ አንዱ ሳላስበው ልቤን የሚነካ ነገር ይጽፋል። እሱን ስጠብቅ ዳቦዬ ይደርቃል።

ሐሙስ፣ መስከረም 22

ዛሬ «ቀስ በቀስ»ን አገድኩት። ለአንድ ወር።

ሁለት ጊዜ አስጠንቅቄዋለሁ። ትናንት ከሰዓት በኋላ የፊደል ዘብን እንዲህ አለው፦ «ደንቆሮ እንዳልልህ ደንቆሮዎች ይቀየሙኛል።» ብቻዬን ሳቅሁ። ከዚያ ደንቡን አነበብኩ። ተደጋጋሚ ስድብ፣ አንድ ወር። ቁልፉን ተጫንኩ።

ለእኔም ቀደም ሲል ደርሶኛል፤ አወያዩ ዘበኛ እንጂ ዳኛ አይደለም ብሎ ነበር። በዚያ አይደለም ያገድኩት። አይመስለኝም።

ከሥራ ስወጣ ወደ ቤት በውይይት ታክሲ። ፊት ለፊት ተቀምጠው ሁለት ሴትዮዎች ስለ ሽንኩርት ይከራከራሉ። ቀኑን ሙሉ ውይይት፣ ማታም ውይይት።

ረቡዕ፣ መስከረም 28

ርዕሱ ቀዘቀዘ። የፊደል ዘብ ሦስት ረጃጅም ጽሑፍ ለጠፈ። ማንም አልመለሰለትም። አራተኛውን አጭር አደረገው፦ «ሰው የለም?»

ዛሬ ለእኔ ለብቻዬ ጻፈልኝ። ደብረ ማርቆስ መምህር መሆኑን ነገረኝ፤ በሳምንት ሁለቴ ነው ኢንተርኔት የሚያገኘው። የተሰደበው እሱ እንደሆነ፣ እሱም ይቅር ማለቱን ጠቅሶ እገዳው እንዲነሳ ለመነኝ። ሰውየው ባይኖር ከማን ጋር እንደሚነጋገር ጠየቀኝ። እዚያ ከተማ ይህን ጉዳይ ከቡና ቤት ወሬ አልፎ ከልቡ የሚያዳምጠው አላገኘም።

ደንብ ደንብ ነው ብዬ መለስኩ። ልኬው ስጨርስ ደስ አላለኝም።

እሑድ፣ ጥቅምት 2

ከአምልኮ በኋላ ከሌንሳ ጋር በእግር ወደ ሰፈሯ፣ ወደ ሲግናል። ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ የእንጦጦ ባህር ዛፍ አንድ በአንድ የሚቆጠር ይመስላል።

ሽማግሌ የምልክበትን ጊዜ አነሳን። ሁለት ዓመት ሙሉ ስናነሳ ስንጥለው ቆይተናል። ሌንሳ ዛሬ ቆም አለችና አሁን አይሆንም አለችኝ። በእኔ አይደለም፤ አባቷ ከሰሞኑ ልክ አይደሉም። አባቷ ጋሽ ቶሎሳ ከመንግሥት ሥራ ጡረታ ወጥተዋል። የሌንሳ እናት ካረፉ ወዲህ አባትና ልጅ ብቻቸውን ናቸው የሚኖሩት፣ ከሲግናል በላይ አስፋልቱ አልቆ ዛፉ በሚጀምርበት። እኔ ያገኘኋቸው አንድ ጊዜ ነው፣ ሰው ሠርግ ላይ፤ እጄን ጨብጠው አለፉ።

እንደነገረችኝ፣ ሁልጊዜ ከሰዓት በኋላ ወርደው ሲግናል ኢንተርኔት ቤት ይቀመጣሉ። ጋዜጣ ያነባሉ ብላ ነበር የምታስበው። ፊታቸው በርቶ ይመለሱ ነበር። አሁንም ይሄዳሉ፤ ግን ቶሎ ይመለሳሉ፤ ራት አይበሉም፤ ሬዲዮውን እንኳ አይከፍቱም።

«ኮምፒውተር ታውቅ የለ፤ እስቲ ቤት ና፤ አነጋግረው። ሰው አታልሎት ይሆን?» አለችኝ።

እሄዳለሁ አልኩ። ነገር ለማጣራት ሳይሆን ለመታየት። አባት ፊት መታየቴ አይከፋም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

የመድረኩ ባለቤት ጻፈ። የፊደሉ ርዕስ ሞቷል፤ ዝጋውና በአዲስ ርዕስ ይጀምሩ ይላል። የተዘጋ ርዕስ ማንም አይጽፍበትም። የመቃብር ድንጋይ ነው።

ትንሽ ጊዜ ስጠኝ አልኩት። ለምን እንዳልኩ አላውቅም። ሲሰለቸኝ የኖረ ነገር አይደለም እንዴ?

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8፣ ማምሻ

እንደሆነው ልጻፈው።

ጋሽ ቶሎሳ ዘንድ ሄድኩ። ግቢያቸው ንጹሕ ነው፤ ጎመን አለ፣ አንድ ያረጀ ውሻ አለ። «ኮቱ፣ ታኢ» ብለው ወንበር አሳዩኝ። ሌንሳ አምቦ ውኃ አምጥታ ሆን ብላ ጠፋች።

ስለ ዝናቡ፣ ስለ መብራት ፈረቃው ተጫወትን። ከዚያ ምን ይሠሩ ነበር ጋሼ ብዬ ጠየቅሁ። መዝገብ ቤት ነበሩ። ሠላሳ ዓመት ያህል። ያኔ ዝም ብል ይሻለኝ ነበር። ከባዱ ሥራ የቱ ነበር አልኩ።

«ሰው አይገባውም እንጂ ስም ነው ከባዱ» አሉ። «አንድ ኃይሉ የሚባል ሰውዬ ነበር። የቤቱን ፋይል ፈልጉልኝ ብሎ ይመጣል። በሀሌታው ሀ ፈለግነው፤ የለም። በሐመሩ ሐ ፈለግነው፤ የለም።»

ቀሪውን አውቀዋለሁ። ፋይሉ በብዙኃኑ ኀ ሥር ተቀምጧል፤ ስሙን የጻፈው ጸሐፊ ፊደል አዋቂ ነበር፤ ፈላጊው አልነበረም። በመድረኩ ላይ ይህን ታሪክ ስንት ጊዜ አንብቤያለሁ። «ሀሌታው ሀ ስንል፣ ሐመሩ ሐ ስንል» የሚለው አነጋገር ራሱ የ«ቀስ በቀስ» ነው።

የአምቦ ውኃ ብርጭቆዬን መሬት አስቀመጥኩ።

እሳቸው ግን አልጨረሱም ነበር። መድረኩ ላይ ጨርሰው የማያውቁትን ጨረሱልኝ። ኃይሉ የተባሉት ሰውዬ በየሳምንቱ ደረጃውን እየወጡ ይመጡ ነበር፤ ከዘራ ነበራቸው። ፋይሉ በተገኘ ጊዜ ጋሽ ቶሎሳ ደስ ብሏቸው ሰውየውን ሲጠብቁ ልጅየው መጣ፣ ጥቁር ለብሶ።

«ሦስት ሀ ባይኖር ኖሮ...» አሉና ተዉት። ውሻውን በጫማቸው ጫፍ አከክ አከክ አደረጉት።

ከዚያ የሆድ የሆዳቸውን ነገሩኝ። የማወራበት ቦታ ነበረኝ፤ አሁን በሩን ዘግተውብኛል አሉ። ማን ብዬ አልጠየቅሁም። ራት ብላ ቢሉኝ ሥራ አለብኝ ብዬ ወጣሁ። ቁልቁለቱን በሩጫ።

እሑድ፣ ጥቅምት 9

ለሌንሳ ነገርኳት። መጀመሪያ አልገባትም። ከዚያ የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ላይ ተደግፋ እስክታለቅስ ሳቀች። ሰው ዞሮ አየን። ፓስተሩ ሰላም ብሎ አለፈ።

«አባዬን አገድከው?»

«አባትሽ መሆናቸውን በምን ልወቅ?»

«ምን ብሎ ነው የሰደበው?»

ነገርኳት። እንደገና ሳቀች። ዓይኗን ጠረገች። በቤት ውስጥ እንዲህ የሚቀልድ ሰው እንደነበረ ረስቼው ነበር አለች። እናቷ ካረፉ ወዲህ ከአፋቸው ቀልድ ሰምታ አታውቅም።

ከዚያ ወደ ቁም ነገሩ። እኔ እገዳውን ዛሬውኑ ላንሳና ዝም እንበል አልኩ። ማንም አያውቅም። አንድ ቁልፍ ናት። ሌንሳ አሰበችና አይሆንም አለች፤ አባቷ አንድ ቀን መስማታቸው አይቀርም፤ ያን ቀን ሁለታችንም አንኖርም። ንገረው አለችኝ። ሽማግሌ ከመሄዱ በፊት።

ልክ ናት። ግን መንገሩ የእኔ ነው፤ እሷ አጥር ትደገፋለች።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14

ሳምንቱን ሙሉ ምን ብዬ እንደምጀምር ሳሰላስል። ምሳ ሰዓት የርዕሱን የድሮ ገጾች ከፍቼ አነበብኩ፤ አሁን በጋሽ ቶሎሳ ድምፅ ነው የሚነበቡት። ስድቡም ጭምር። ስንት ነገር አልፎኝ ነበር። አንድ ቦታ የፊደል ዘብ ታምሞ ሲጠፋ «ቀስ በቀስ» በየቀኑ እየገባ ዳነ ወይ እያለ ጠይቋል። እኔ ያን ጊዜ ከርዕስ ውጭ ነው ብዬ ሰርዤበት ነበር። መዝገቡ ላይ የእኔ ስም አለ፦ በአወያይ የተሰረዘ።

እሑድ፣ ጥቅምት 16

ተናገርኩ።

ጋሽ ቶሎሳ እሑድ ከሰዓት ወደ ላይ፣ ወደ ዛፉ ውስጥ ይንሸራሸራሉ። አብሬያቸው ወጣሁ። ቅጠል የተሸከሙ ሴቶች ሲወርዱ መንገድ ለቀቅን። ሴቶቹ ካለፉ በኋላ ጀመርኩ።

«ጋሼ፣ የምነግርዎት ነገር አለ።»

«ሌንሳን ከሆነ ዓይን አለኝ፤ አይቻለሁ።»

«እሱም አለ። መጀመሪያ ግን ሌላ ነው። መድረኩ ላይ... አወያዩ እኔ ነኝ።»

መሄዳቸውን አላቋረጡም።

«ያገድከኝ አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«ለአንድ ወር።»

«አዎ።»

«ሁለት ሳምንት ይበቃ ነበር» አሉ።

ደንቡ አንድ ወር እንደሚል ነገርኳቸው። ደንቡን አንብበውታል። ‹ተደጋጋሚ› ይላል፤ ተደጋጋሚ ስንት ነው? ሁለት ነው ወይስ ሦስት? ከመጨረሻው በፊት የነበረው ስድብ አልነበረም፤ ተረት ነበር፤ ተረት ስድብ ነው ወይ? እንዲህ እያሉ ወደ ላይ ወጣን፤ እንዲህ እያሉ ተመለስን። ፊታቸው በርቶ ነበር። የተናደደ ሰው ፊት አልነበረም። ከሦስት ሳምንት በላይ አንደበታቸው ተዘግቶ የቆየ ሰው ፊት ነበር።

ግቢው በር ላይ ስንደርስ ከፈለጉ ዛሬ ላንሳልዎት አልኩ። ይህን ባልል ይሻል ነበር። ቀጥ ብለው ቆሙ።

«ልጄን ልትጠይቀኝ መጥተህ ቅጣት ታነሳልኛለህ? የዚህ ስሙ ምንድን ነው?»

ስሙን አልተናገርኩም። እሳቸውም አልተናገሩም።

«ይጨረስ» አሉ። «የቀረው ጥቂት ነው። ቅዳሜ በሩ ይከፈታል አይደለም? እጠብቃለሁ።» ከዚያ ገቡ። ሽማግሌ ላክ አላሉም፤ አትላክ አላሉም።

ሌንሳ በር ላይ ቆማ አየችኝ። ትከሻዬን ሰበቅሁላት።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20

ሌንሳ ደወለች። አባቷ ከእሑድ ጀምሮ ራት ይበላሉ። ማታ ማታ ወረቀት ላይ ይጽፋሉ፣ ይሰርዛሉ፣ ይጽፋሉ። ስለ እኔ ግን አንድ ቃል የለም። ስትጠይቃቸው «ጉዳዩ በእጄ ነው» ይላሉ። መዝገብ ቤት።

ለመድረኩ ባለቤት ጻፍኩ፦ ርዕሱን አልዘጋም፤ ከቅዳሜ በኋላ እይ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22

ዛሬ ግማሽ ቀን ነው ሥራ፤ ሆን ብዬ ቆየሁ። እገዳው ጠዋት ተነሳ። ከሰዓት በኋላ «ቀስ በቀስ» ገባ።

አንደኛው ጽሑፍ አጭር ነው። የፊደል ዘብን ይቅርታ ጠየቀ፤ ስድቡ ከክርክር እንደማይቆጠር፣ የሰውዬው ትዕግሥት ግን እንደሚቆጠር ጻፈ። ሁለተኛው ረጅም ነው፤ ስለ ኀ። ሦስተኛው ከዚያም ይረዝማል። አላነበብኩትም፤ ተመለከትኩት፤ ዝናብ እንደመመልከት።

መልሱ ቶሎ መጣ። ዛሬ የደብረ ማርቆሱ መምህር ኢንተርኔት የሚያገኝበት ቀን ኖሯል።

«እንኳን ደህና መጣህ» ይላል። «ስህተትህ ናፍቆኝ ነበር።»

እሑድ፣ ጥቅምት 30

ሽማግሌዎች ሄዱ፤ አጎቴና ሁለት የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች። እኔ ሲግናል ሻይ ቤት ተቀምጬ ጠበቅሁ። ሻዩ ቀዘቀዘ፤ ሌላ አዘዝኩ፤ እሱም ቀዘቀዘ።

አጎቴ ግራ ተጋብቶ ወረደ። ነገሩ ሁሉ ደህና ነበር አለ። ጋሽ ቶሎሳ ቤተሰቡን ጠየቁ፤ ሽማግሌዎቹ ነገሩ። ሥራውን ጠየቁ፤ ነገሩ። ከዚያ ስለ ጠባዩ እኛ እንመስክር ቢሉ ጋሽ ቶሎሳ እጃቸውን አንስተው፣ አያስፈልግም፣ ልጁን አውቀዋለሁ፣ አግዶኛል አሉ።

«ምን አድርገው ነው ልጁ ያገደዎት ብንላቸው፣ ጥፋቱ የእኔ ነበር አሉን። ብሩክ፣ ምን አድርገሃል?»

«እሺ አሉ ወይስ አላሉም?»

«እሺ ብለዋል። ግን ከምንድን ነው ያገድካቸው?»

ሻዩን በአንድ ትንፋሽ ጠጣሁት።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

አወያይነቱን ተውኩ። አማቼን የማወያይበት አንጀት የለኝም፤ ብታገሥ አደላለሁ፣ ባልታገሥ እፈራለሁ። ባለቤቱ ምትክ አምጣ አለ። የፊደል ዘብን አቀረብኩ። መምህሩ ሦስት ቀን አስቦ እሺ አለ።

ለጋሽ ቶሎሳ ይህን ለመናገር ፈርቼ ነበር። ከአሁን በኋላ የሚዳኛቸው ባላጋራቸው ነው። ነገርኳቸው።

«መልካም ሰው ነው» አሉ። «የተሳሳተው ፊደል ላይ ብቻ ነው።»

ያለ አወያይነት የመጀመሪያዬ የምሳ ሰዓት። ከባልደረቦቼ ጋር ወጣሁ። ጥብስ በላሁ። ሰው ምን ያወራል ብዬ አዳመጥኩ፤ ስለ ኮንዶሚኒየም ዕጣ ነው። ዛሬም፣ ትናንትም፣ ነገም። ስመለስ ገጹን ከፈትኩት።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 27

የጥሪው ካርድ። ለጥር። ማተሚያ ቤቱ ጽሑፉን በእጅ ጻፉና አምጡ አለን።

እኔና ሌንሳ ጠረጴዛው ላይ አጎንብሰን። መጀመሪያውኑ ተጣበቅን። ሠርግ ነው ሰርግ? በንጉሡ ሠ ከጻፍኩ አማቼ ይታዘቡኛል። በእሳቱ ሰ ከጻፍኩ እናቴ፣ ፓስተሩ፣ ደብረ ማርቆስ ድረስ የምንልክለት መምህርም። ሌንሳ እስክሪብቶውን ነጥቃ «ጋብቻ» ብላ ጻፈች። ጋ፣ ብ፣ ቻ። ሞክሼ ፊደል የለበትም። ቀኑም ቅዳሜ ነው፤ ያም ሰላም ነው።

ለጋሽ ቶሎሳ ሰጠናቸው። መነጽራቸውን አደረጉ። ጣታቸውን ከሥሩ እያስኬዱ አነበቡ። «ጋብቻ» ላይ ሲደርሱ ቀና ብለው አዩኝ፤ ከንፈራቸው ጥግ ላይ ሳቅ አለ። እኔ ወደ ልጃቸው ጠቆምኩ።

ከዚያ ጣታቸው ወደ ራስጌው ተመለሰ። «በእግዚአብሔር ፈቃድ» ይላል፣ እንደ ልማዱ፣ በሐመሩ ሔ፣ እሳቸው ይቅር በሚሉት። ይህን ሁለታችንም አላሰብነውም ነበር። ጣታቸው እዚያ ላይ ቆመ፤ ረጅም ጊዜ ቆመ። እስክሪብቶው አጠገባቸው ነው። ሌንሳ ተመለከተችኝ።

«ይሄን አትንኩት» አሉ፣ ቀስ ብለው። «እናትሽ እንዲህ ነበር የምትጽፈው።»

ወረቀቱን አጥፈው መለሱልኝ። መነጽሩን አወለቁ። በር ድረስ ሸኙኝና እጄን እንደያዙ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«መድረኩ ላይ እንዳትናገርብኝ።»

እሺ ጋሼ አልኩ። ሰኞ ማተሚያ ቤት እወስደዋለሁ፣ እንዳለ።